መንዳት አልረሳሽም፤ ማቆም ነው ያልተማርሽው

ጥያቄው፣ ትንሽ አሳጥሬው፣ ይህ ነው፦

«43 ዓመቴ ነው። ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው፤ አሁን የምኖረውም የምሠራውም ደሴ። በልጅነቴ የወንድሜን ብስክሌት እየቀማሁ እነዳ ነበር። 14 ዓመት ሲሞላኝ ‹አሁንስ ትልቅ ሴት ሆነሻል› ተባልኩና ተውኩት። ባለፈው ወር ወንድሜ ከዱባይ ያመጣውን ያገለገለ የተራራ ብስክሌት ሰጠኝ። አንድ እሑድ ማለዳ ይዤው ወጣሁ። ሚዛኑ አልጠፋኝም። ግን የሰፈራችንን ቁልቁለት ስወርድ ሁለቱም እጆቼ ደነዘዙ፤ በማግስቱ ጉልበቴን ከፊት በኩል አመመኝ፤ ፍርሃቱማ እስካሁን አለቀቀኝም። ጊዜው አልፎብኛል? ሕልሜ ከደሴ ተነሥቼ ኮምቦልቻ እናቴ ቤት በብስክሌት መድረስ ነው።»

እህቴ፣ አንቺ ብልሽ አትቀየሚኝ፤ በዕድሜ እበልጥሻለሁ። ኮምቦልቻ ላይ ብስክሌት መጠገን ከጀመርኩ 26 ዓመት አልፎኛል፤ ጎን ለጎን ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ፤ ወጣት ሳለሁ ተወዳድሬያለሁ። ጊዜው አላለፈብሽም፣ አብሽሪ። እዚህ ላይ አልቆይም። የምቆየው እጅ፣ ጉልበትና ፍርሃት ብለሽ ለይተሽ በጻፍሻቸው ሦስት ነገሮች ላይ ነው። ለእኔ ሦስቱም አንድ ሕመም ናቸው።

እስቲ ልጠይቅሽ፤ ያኔ የወንድምሽን ብስክሌት በምን ነበር የምታቆሚው?

በእግርሽ ነው። ሳላይሽ አውቃለሁ። እኛ ሁላችን በእግራችን ነው ያቆምነው። በደቂቃ ሒሳብ ከምንከራያቸው ብስክሌቶች ፍሬን የነበረው ስንቱ ነው? የኋላው ጎማ ላይ ኮንጎ ጫማችንን እንጭናለን፤ ጎማው «ሽሽሽ» እያለ ጫማውን ይበላዋል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፤ ከዚያ ዘለን እንወርዳለን። የጫማችን ሶል መሐሉ ላይ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ተቆፍሮ እናታችን ስታገኘው የሚሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ኮምቦልቻ ሜዳ ናት፤ ፍሬን ባይኖርም ያን ያህል አትቀጣም። ደሴ ግን ጦሳ ተራራ ሥር የተንጠለጠለች ከተማ ናት። አንቺ ሜዳ ላይ የተማርሽውን ይዘሽ ገደል ላይ ወጣሽ።

ሚዛን የማይጠፋው በዘይቤ አይደለም። ብስክሌት ወደ ግራ ሲያዘነብል እጅሽ ሳታስቢው መሪውን ትንሽ ወደ ግራ ያዞረዋል፤ ጎማው ተመልሶ ከክብደትሽ ሥር ይገባና ቀና ትያለሽ። ይህን በየሰከንዱ የሚሠራው ከጭንቅላታችን በስተኋላ በታች በኩል ያለው ትንሹ አንጎል ነው፤ እንደ መዋኘትና እንደ እንዝርት መፍተል አንዴ ከያዘው ለ30 ዓመትም አይለቅም። የሚያስታውሰው ግን የሠራውን ብቻ ነው። ያልሠራውን ከየት ያመጣዋል? ቁልቁለት ላይ የድንጋጤ ሰዓት ስትደርስ ሰውነትሽ ያወቀውን ፈለገ፤ ያወቀው ደግሞ ጫማ ነው። ጫማ እንደማያዋጣ ስለገባሽ ሁለቱን የፍሬን እጀታዎች የሞት ሞትሽን አነቅሻቸው። እጅሽ የደነዘዘው በዚህ ነው። «ብወድቅ እግሬ መሬት ይንካ» ብለሽ ደግሞ መቀመጫውን ዝቅ አድርገሽዋል። ተሳሳትኩ? ጉልበትሽም የታመመው በዚህ ነው።

ጉልበቱን ላስቀድም፤ መፍትሔው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የሚፈልገው። መቀመጫ ዝቅ ሲል ጉልበት ከልክ በላይ ታጥፎ ነው የሚገፋው፤ ያኔ ጫናው ሎሚው ላይ ያርፍና ከፊት በኩል ያማል። ሕመሙ ከኋላ፣ ከጉልበት እጥፋት ላይ ቢሆን ተቃራኒውን፣ የመቀመጫው ከፍታ በዝቷል፣ እልሽ ነበር። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፊና ተቀመጪበት፤ ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊና ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ወደ ታች ውሰጂው። እግርሽ ያኔ ቀጥ ማለት አለበት። ቀጥ ካለ፣ በትክክል በእግርሽ መዳፍ ስትረግጪ ጉልበትሽ ላይ የምትቀረው ትንሽ እጥፋት ናት፤ የምንፈልጋትም እሷን ነው። በአንድ ቀን አትስቀዪው፤ በየሁለት ጉዞው አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ጨምሪ።

«እግሬ መሬት ካልነካ እንዴት እቆማለሁ?» ትይኛለሽ። ዋናው ምሥጢር እዚህ ጋ ነው፤ አዋቂዎች ሁሉ የሚሳሳቱትም እዚሁ ነው። ብስክሌት ላይ ተቀምጠሽ አትቆሚም። ልታቆሚ ስትይ አንዱ ፔዳል ታች ይሁን፤ እሱ ላይ ቁሚበት፤ ዳሌሽን ከመቀመጫው አንሥተሽ ወደ ፊት አውርጂ፤ ብስክሌቱ ሲቆም ሌላኛው እግርሽ መሬት ይረግጣል። መቀመጫው ከጀርባሽ ይቀራል። ይህን 20 ጊዜ ደጋግመሽ ስትሠሪው መቀመጫን ዝቅ የማድረግ ፍላጎትሽ በራሱ ይጠፋል። ማርሹንም አቅልይው። ከባድ ማርሽ እየገፉ በደቂቃ 50 ዙር ከመምታት፣ ቀላል ማርሽ ይዞ 70 እና 80 ዙር መምታት ለጉልበት ምሕረት ነው። አዲስ ሰው ሁሉ «ቀሎኝ ባዶውን ይሽከረከራል» ይለኛል። ይሽከረከር!

ወደ እጅሽ ልምጣ። በመዳፋችን በትንሿ ጣት በኩል የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ መሪውን አንቀሽ ክብደትሽን ስትጭኚበት ይታፈናል፤ ጣቶችሽ ይደነዝዛሉ። የፍሬን እጀታው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለትልቅ የወንድ እጅ ነው የሚሠራው። እጀታው ሥር ትንሽ ቪቴ አለች፤ አብዛኞቹ የተራራ ብስክሌቶች አላቸው። እሷን ስታጠብቂያት እጀታው ወደ መሪው ይቀርብልሻል። ልኩ፣ አውራ ጣትሽ መሪው ላይ እንዳለ ሁለት ጣቶችሽ እጀታውን ሳይንጠራሩ ሲይዙት ነው። ሁለት ጣት ይበቃል፤ አራቱንም ካስገባሽ መሪውን የሚይዝ ምን ይቀርልሻል?

አሁን አንድ ነገር አጣሪ፤ ዛሬውኑ። የፊቱ ፍሬን በየትኛው እጅሽ ነው? በእንግሊዝና በጃፓን ልማድ የፊቱ ፍሬን በቀኝ እጅ ነው፤ በአሜሪካና በአብዛኛው አውሮፓ በግራ። ዱባይ ደግሞ የዓለም ብስክሌት ሁሉ የሚደርስበት አገር ነው። የፊቱን ጎማ አንሥተሽ አሽከርክሪና አንዱን እጀታ ያዢ፤ ከቆመ እሱ ነው። እጅሽ ላይ በእስክሪብቶ «ፊት» ብለሽ ብትጽፊ አላፍርብሽም፤ ሠልጣኞቼን አስጽፋቸዋለሁ።

ለምን እንዲህ እንደማካብድ ልንገርሽ። ስታቆሚ ክብደትሽ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት እንደሚያጎነብሰው። ስለዚህ የፊት ጎማ መሬቱን አጥብቆ ይይዛል፤ የኋላው ይቀልለዋል። ከማቆሙ ኃይል የሚበልጠው ከፊቱ ነው የሚመጣው። ሰው ግን «የፊቱን ከያዝክ ትገለበጣለህ» ተብሎ ስላደገ የኋላውን ብቻ ይይዛል፤ የኋላው ጎማ ይቆለፍና አስፋልቱ ላይ ይንሸራተታል፤ ብስክሌቱም አይቆምም። የሚገለብጠው የፊቱን መያዝ አይደለም፤ የፊቱን እንደ ወጥመድ በአንዴ መንከስ ነው። ጡት እንደሚያልብ ሰው ቀስ እያልሽ ጭመቂው፤ ዳሌሽን ወደ ኋላ ስቢ፤ ክንድሽን ጠንከር አድርጊ። ከሁለቱ ጨምረሽ የምትይዥው የፊቱን ይሁን፤ የኋላውን ለማገዝ ያህል።

የት ትለማመጂው? ደሴ ውስጥ አይደለም። ደሴ ላይ ሜዳ ፈልጎ ማግኘት አዋሽ ላይ ጥላ እንደመፈለግ ነው፤ ባጃጁም ፋታ አይሰጥም። ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌቱን ሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ አስጭኚና እናትሽ ቤት ሂጂ። ሕልምሽን ከመጨረሻው ጀመርኩት፤ ምን ይደረግ! ሲታሰር አንቺው ቁሚ፤ ገመዱን ፍሬኑ ሽቦና ማርሽ መቀየሪያው ላይ እንዳያሳልፉት። ስንቱን የተጣመመ ማርሽ መቀየሪያ ያቀናሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ባዶ ሜዳ ያዢ። መሬት ላይ በጠመኔ መስመር አስምሪ፤ የጫማ ሣጥን ብታስቀምጪም ይሆናል። በእርምጃ ፍጥነት መጥተሽ መስመሩ ላይ ስትደርሺ አቁሚ። ከዚያ ትንሽ ፈጠን ብለሽ። ከዚያ የፊቱን ብቻ፤ ከዚያ የኋላውን ብቻ፤ ልዩነቱን እጅሽ ራሱ ይንገርሽ። እውነት ለመናገር አሰልቺ ነው። 40 ደቂቃ ከሠራሽ በቂ ነው። አንድ ሴት ነበረች፣ ከአንቺ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ሦስት ቅዳሜ ይህንኑ ብቻ አሠራኋት። በሦስተኛው ቅዳሜ ፍየል መንገዱ ላይ ዘልላ ገባችባት። አቆመች። ፍየሏንም ሰደበቻት። ያኔ ነው «አሁን ወደ ሐርቡ መንገድ መውጣት ትችያለሽ» ያልኳት።

የሐርቡ መንገድ ከቦርከና ወንዝ ጋር እያዘነበለ የሚወርድ ስለሆነ ለጀማሪ ያታልላል። ሲሄዱ ጉልበት የጨመሩ ይመስላል፤ ሲመለሱ ዋጋውን ያስከፍላል፤ ከሰዓት ደግሞ ንፋሱ አለ። ስለዚህ መልካም ስሜት ላይ እያለሽ ተመለሽ፤ ሲደክምሽ አይደለም። ወደ ባቲ የሚወስደውን መንገድ ለአሁኑ ተዪው። ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰው ከባድ መኪና በዚያ ነው የሚያልፈው፤ ተሳቢ ያለው መኪና አጠገብሽ ሲያልፍ የሚፈጥረው ንፋስ መጀመሪያ ይገፋሻል፣ ቀጥሎ ወደ ራሱ ይስብሻል።

ስለ ልብና ስለ እስትንፋስ። ደም ግፊት ወይም ስኳር ካለብሽ፣ ወይም ስትቻኮዪ ደረትሽን የሚጨንቅሽ ከሆነ፣ ከመጀመርሽ በፊት ሐኪም ይይሽ፤ እኔ ፍሬን እንጂ ልብ አልጠግንም። ደህና ከሆንሽ ልክሽ ወሬ ነው። እየነዳሽ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልሽ ልክ ነው፤ ከሁለት ቃል በላይ ካልወጣሽ ቀንሺ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እዚያ ለመድረስ አትቸኩዪ፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ 25 ደቂቃ ጀምሪ። ደሴ መኖርሽ ደግሞ አልጎዳሽም። 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ ደምሽ ይህን ለምዶታል። ኮምቦልቻ ስትወርጂ እስትንፋስሽ ይሰፋልሻል።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። እኔም ከውድድር በኋላ 9 ዓመት አቁሜ ነበር፤ ኑሮ ነው። ስመለስ በአንድ ወር እስትንፋሴ እንደ ድሮው ሆነልኝ መሰለኝ። በአምስተኛው ሳምንት አንድ የ17 ዓመት ሠልጣኝ ሐረጎን፣ በኮምቦልቻና በደሴ መሐል ያለውን ዳገት፣ ሽቅብ ሲወጣ ተከተልኩት። ግማሽ ላይ ቁርሴን መንገድ ዳር ተውኩት፤ ይህስ ይሁን፤ የተረከዜ ጅማት ግን ሁለት ወር ሙሉ አስነከሰኝ። ሳንባና ልብ በሳምንታት ይመለሳሉ፤ ጅማት ወራት ይፈልጋል። ሲመለሱ የሚጎዱ ሰዎች መጀመሪያው ቀን አይጎዱም፤ «አሁንማ ድሮ ሆንኩ» ያሉ ቀን ነው። መቀመጫሽ ሁለት ሳምንት ያህል ያምሻል፤ እሱ ያልፋል፤ ለስላሳ ወፍራም መቀመጫ አትግዢ፤ ሥጋሽን እየዋጠ ይብሳል እንጂ አይረዳሽም። በረመዷንም ሆነ በሁዳዴ የምትጾሚ ከሆነ ማፍጠሪያሽ ሲቃረብ ቀለል ያለውን ንጂ፤ ከባዱን ከበላሽና ከጠጣሽ በኋላ ላለው ቀን አቆዪው።

የአለባበሱን ነገር አልጠየቅሽኝም፤ ግን ከወደቁብኝ ሴቶች ብዛት የተነሣ አላልፈውም። ነጠላ፣ ሻሽ፣ ሰፊ ቀሚስ፣ ጫፉ የኋላ ጎማ ውስጥ ከገባ በአንድ ዙር ጠቅልሎ ይጥልሻል፤ አንገት ላይ ያለ ሻርፕ ከሆነ ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው። ጫፉን ከወገብሽ ላይ ቋጥሪው። የቀኝ ሱሪሽን እግር በላስቲክ እሰሪው፤ ካቴናው በዚያ በኩል ነው። ሄልሜት ደግሞ አንድ ጊዜ ክፉኛ ከተመታ አለቀለት፤ ውስጡ ያለው ፎም ተሰብሮ አይታይም፤ ያገለገለ አትግዢ። ሰው ያየኛል ላልሽው — አላልሽም፣ ግን ‹እሑድ ማለዳ› ማለትሽ ነግሮኛል — ኢትዮጵያ በ1949 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል፤ በቶኪዮው ኦሎምፒክ ደግሞ ሰላም አምሃ የምትባል የአገርሽ ልጅ በሴቶቹ የጎዳና ውድድር ተሰልፋለች። ሰፈሩ ሁለት ሳምንት ያያል፤ በሦስተኛው ይሰለቻል።

ብስክሌቱን ባየው ደስ ይለኝ ነበር። እስከዚያው ሦስት ነገር እዪ፦ የፊቱን ፍሬን ይዘሽ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ናጪው፤ መሪው አንገት ላይ «ቋ ቋ» ካለ ኩሽኔታው ላልቷል። የጎማውን ጎን እዪ፤ እንደ ደረቀ መሬት ከተሰነጣጠቀ ይቀየር፤ ጥርሱ ሙሉ መሆኑ አያታልልሽ። የፍሬኑ ሽቦ ጫፉ ላይ ከተበታተነ አትጠብቂ። ንፋስ ልታስሞዪ ጎሚስታ ጋ ከሄድሽ ደግሞ አጠገቡ ቁሚ። የእሱ ኮምፕሬሰር የአይሱዙ ጎማ የሚሞላ ነው፤ የብስክሌት ካላማዳሪ በዓይን ጥቅሻ ይፈነዳል። «ጥቂት ጥቂት» በይው፤ በየመሐሉ በአውራ ጣትሽ ጫን እያደረግሽ ፈትሺ።

እንግዲህ ሐረጎ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። አንቺና ብስክሌቱ አብራችሁ 90 ኪሎ ብትሆኑ፣ ያ ከፍታ የሚሰጠው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢለወጥ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ግማሹን ንፋሱና ጎማው ይወስዱልሻል፤ የተረፈው ፍሬንሽ ላይ ነው የሚበስለው። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ትንሽ ትንሽ ይዘሽ ከወረድሽ ጎማው ያረፈበት ብረት ይግላል፣ ካላማዳሪው ይነፋል፣ እጅሽም ይደነዝዛል። እንዲህ አድርጊ፦ ልቀቂው፣ ፍጥነቱ ካሰብሽው ሲያልፍ ሁለቱንም ጠበቅ አድርገሽ ይዘሽ አብርጂው፣ መልሰሽ ልቀቂው። ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነትሽን ጨርሺ፤ መታጠፊያው ውስጥ ፍሬን አትንከሺ። ወደምትታጠፊበት በኩል ያለው ፔዳል ወደ ላይ የተነሣ ይሁን፤ ዓይንሽ ገደሉን ሳይሆን መውጫውን ይይ፤ ብስክሌት ዓይን ወዳየበት ይሄዳል። ግማሽ ላይ ወርደሽ እጅሽን አራግፊ፤ ብረቱ ላይ ውሃ ጠብ አድርጊበት፤ ‹ጭሽሽ› ካለ ሻይ ጠጥተሽ ጠብቂው። ፍሬንሽ የዲስክ ከሆነ ዲስኩን በጣትሽ እንዳትነኪው።

በክረምት አትሞክሪው። ጉሙ ሐረጎ ላይ ሲተኛ የሚመጣው መኪና የሚታይሽ መብራቱ አፍንጫሽ ሥር ሲደርስ ነው፤ የረጠበ ፍሬንም ላስቲኩ ውሃውን እስኪጠርግ ጎማው ሁለት ሦስት ዙር ሳይዝ ይሄዳል። ጥቅምት ወይም ኅዳር፣ እሑድ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፤ ጃኬትና የእጅ ጓንት ይዘሽ። ላብሽ ሳይደርቅ ቁልቁለት ከገባሽ ብርዱ ጣትሽን ያስራል፣ የታሰረ ጣት ደግሞ ፍሬን አይጨምቅም። አብሮሽ የሚወርድ ሰው ይኑር፤ ከኋላሽ እንጂ ከፊትሽ አይሁን፤ ከፊት ከሆነ ልትደርሺበት ትያለሽ።

እናትሽ ቤት ስትደርሺ ቡናው እስኪፈላ ብስክሌቱን ገልብጪና የፍሬኑን ላስቲክ እዪው። አዲስ ላስቲክ ላይ ውሃ የሚያወጡ መስመሮች አሉ። እነሱ ከጠፉ ሰኞ ሳትሄጂ ወደ ሱቄ ላኪልኝ፤ እቀይርልሻለሁ፤ ወደ ደሴ የምትመለሽው ግን በፖርቶመጋላ ነው።